ካራማራን የሚሻገር ደም

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ጅግጅጋ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የላብራቶሪው መስኮት ይከፈትና «መሐመድ አሕመድ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። ሦስት ሰው ብድግ ይላል፦ አንዱ የቀብሪበያህ ሽማግሌ፣ አንዱ የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ፣ አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ተማሪ። «መሐመድ አሕመድ ነዎት?» ተብለው ቢጠየቁ ሦስቱም «አዎ» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ግን እንዲያ አይጠይቅም። «ስምዎን እስከ አያትዎ ይንገሩኝ» ይላል፤ ካርድ ቁጥርና ዕድሜ ያመሳክራል። ሶማሌ አያቱን ቀርቶ ሰባት ትውልድ ቢቆጥር አይደናገርም። ደሙ እንደተቀዳም ቱቦው ላይ ስሙ የሚጻፈው እዚያው፣ ባለቤቱ ሳይነሣ ነው። «በኋላ እጽፈዋለሁ» የተባለ ቱቦ የማንም ደም ነው።

አሁን ወንበሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። «ሆዮ (እናቴ)፣ አይዞዎት፤ ክንድዎን ዘና ያድርጉ።» ጎማው ይታሰራል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ግን አይቆይም። እጃቸውን እየጨበጡ እየፈቱ እንዳይደጋግሙም ይነገራቸዋል፤ ጡንቻው ፖታሲየም ይለቃልና። ደሙን ከሲሪንጅ ወደ ቱቦ በጉልበት መግፋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰበሩና በውስጣቸው የያዙት ፖታሲየም ይፈስሳል። ማሽኑ ያገኘውን ይቆጥራል። ሐኪሙም ከፍ ያለውን ፖታሲየም አይቶ የእኚህ እናት ልብ አደጋ ላይ ነው ብሎ የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። አብዛኛው የላብራቶሪ ስህተት የሚፈጠረው ናሙናው ማሽን ሳይደርስ ነው፤ እኔም ደም የሚቀዳውን እጅ እንጂ ማሽኑን አልፈራም።

ቱቦዎቹም ተራ አላቸው፦ ሰማያዊ ክዳን፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ሐምራዊ። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየምን ይዞ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ የፖታሲየም ጨውም ነው። ጥቂቱ ወደ ቀዩ ከተሻገረ ካልሲየም ዝቅ፣ ፖታሲየም ከፍ ብሎ ይወጣል። ሐምራዊው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም። ቀዩ 30 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይረጋና ደሙን አሽከርክሮ ወደሚለየው ሴንትሪፊውጅ ይገባል። መብራት ጠፍቶ ሳይለይ ከቆየ ሕዋሳቱ ስኳሩን በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይበሉታል፤ የስኳር በሽተኛው ጤነኛ መስሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ምርመራው ከተማው ውስጥ የማይሠራ ከሆነ ናሙናው መንገድ ይጀምራል። ካራማራ ሲባል ብዙዎቻችሁ የየካቲት 1970ው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ትዝ ይላችኋል። የናሙናው ሳጥንም በዚያው የተራራ መተላለፊያ ወጥቶ፣ ፋፈንን አልፎ፣ በባቢሌ በኩል ሐረር ይገባል፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ አዲስ አበባ ድረስ፣ ጉለሌ፣ የድሮ ሰዎች «ፓስተር» ወደሚሉት ተቋም ይዘልቃል። ቱቦው በማያፈስስ ከረጢት፣ ከረጢቱ በጠንካራ ሳጥን ይታሸጋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቱቦውን እንዳይነካ በመሀል መለያ ይደረጋል፤ ሙሉ ደም በረዶ ከሠራ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ።

በረዶ የማይሻ ናሙናም አለ። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር እናት የወለደችው ሕፃን 6 ሳምንት ሲሞላው ተረከዙ ይወጋና ደሙ ወፍራም ወረቀት ላይ በተሣሉ ክቦች ይንጠባጠባል። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካላት በደሙ ውስጥ ስላሉ ተራው ምርመራ ያሳስታል፤ መፈለግ ያለበት የቫይረሱ ዘረመል ራሱ ነው። እያንዳንዱ ክብ ይሞላል፤ ካርዱ ከፀሐይና ከጅግጅጋ አቧራ ተከልሎ፣ ምንም ሳይነካው፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ተጋድሞ ይደርቃል። ከዚያ እርጥበት ከሚመጥጡ ከረጢቶች ጋር ይታሸጋል።

ሳይደርቅ የታሸገ ካርድ ተመላሽ ነው፤ ደሙ እንደገና ይወሰዳል። ቫይረሱ ካለባቸውና መድኃኒት ካልጀመሩ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ለእንዲህ ያለ ሕፃን የጠፋ ወር ትልቅ ነው። እናቱ ከሐርሺን ልጇን አዝላ እንደገና መምጣት አለባት፤ ያውም ቤተሰቡ ግመሎቹን ተከትሎ ካልሄደ። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ የምርመራ ወረቀቱ ላይ ከእሷ ስልክ ሌላ እሷ የፈቀደችውን የአንድ ዘመድ ስልክ ይጽፋል። ሲደውልም ጉዳዩን ለዘመድ አይናገርም፤ «ጤና ጣቢያ ትፈለጋለች» ብሎ ይዘጋል።