የቋራው ሽፍታ በዜና መዋዕልና በልብ ወለድ

ደብረ ታቦር ስትነሣ በመጀመሪያ የሚታወሰው መናገሻነቷ ነው። ራስ ጉግሣ መርሶ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ቆረቆሯት፤ የየጁ ራሶች ተቀመጡባት፤ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ማረፊያው አደረጋት፤ አጠገቧ ባለችው በጋፋትም መድፍ አሠራባት። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ንጉሡ ደብረ ታቦር ከመግባቱ በፊት የነበረውን ዘመን፣ ማለትም ካሣ ኃይሉ ተብሎ በቋራ በረሃ እየተሳደደና እያሳደደ የኖረባቸውን ዓመታት ነው። የምናነሣውም ጥያቄ አንድ ነው። የሸፈተ ሰው የሕይወት ታሪክ በአማርኛ እንዴት ተጻፈ? ማንስ ጻፈው?

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ሸፈተ» የሚለው ግሥ በአማርኛ የሚነገረው ለሰው ብቻ አይደለም፤ «ልቤ ሸፈተ» ይባላል። ከያዘው፣ ካመነው ወይም ከሚገዛው ነገር መውጣትን ያመለክታል እንጂ መስረቅን አያመለክትም። ስለዚህ ሽፍታ ከሌባም ከቀማኛም ይለያል። ሌባ የሚሠራውን ይደብቃል፤ ሽፍታ ግን «ዱር ቤቴ» ሲል ስሙን ተናግሮ፣ የተጣላውን ጌታ ጠርቶ፣ ፎክሮ ነው የሚወጣው። እርግጥ ዱር ከገባ በኋላ የሚበላው የነጋዴውንና የገበሬውን ነው። ይህን የቃሉ ክብር አይነግረንም። ደግሞም ስሙን የሚሰጠው ተናጋሪው ነው። ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ሽፍታ ያሉትን ሰው አገሬው አርበኛ ብሎታል። በጎጃም ስማቸው የገነነው በላይ ዘለቀ በወረራው ዘመን አርበኛ ነበሩ፤ ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣሉና ሽፍታ ተባሉ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ተለወጠ።

ካሣ የሸፈተበት ምክንያት በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ደምቢያንና ቋራን ይገዙ የነበሩት የአባቱ ልጅ ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ገደማ ከሞቱ በኋላ አገሩ ከቤተሰቡ እጅ ወጣና ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ገባ። ወጣቱ ካሣ የአባቶቹን ምድር ሲነፈግ በረሃ ወረደ። የመሳፍንቱን ዘመን ያጠኑት ዶናልድ ክረሚ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናታቸው እንዳስገነዘቡት፣ የኢትዮጵያ ሽፍትነት በብዛት የባላባት ልጅ ሹመት መፈለጊያ መንገድ እንጂ የገበሬ ዐመፅ አልነበረም። ይሸፍታል፤ ይወርራል፤ ጌታው ሊያጠፋው ሲያቅተው ያስታርቀውና ይሾመዋል። በካሣም የሆነው ይኸው ነው። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። እርቁ አልጸናም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ራሳቸውን በጦር ማርኮ የአባቱን አገር መልቀቂያ አደረጋቸው።

መንግሥቱ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት በ1834 ዓ.ም. ጥር ወር ደብረ ታቦር አጠገብ የተደረገውን ጦርነት ማስታወስ ይበቃል። ደጃዝማች ውቤ ከትግሬና ከስሜን መጥተው ራስ ዓሊን ወጉ። የራስ ዓሊ ጦር ተፈታ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ውቤ ድል አደረግሁ ብለው በደስታ ላይ ሳሉ ብሩ አሊጋዝ ጥቂት ሰው ይዞ ደርሶ ማረካቸው። የሸሸው ጌታ ተመልሶ ከአልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ድል ያደረገው ታሰረ። እንዲህ ባለ አገር ማን መንግሥት፣ ማን ሽፍታ እንደሆነ የሚለየው የጦርነቱ ማምሻ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ እንለፍ። ስለ ቴዎድሮስ በአማርኛ የተጻፉ ሦስት ዜና መዋዕሎች አሉ። አንደኛው የአለቃ ዘነብ ነው፤ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ሁለተኛው የአለቃ ወልደ ማርያም ሲሆን ሞንዶን ቪዳይሌ በ1904 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል። ሦስተኛው የጸሐፊው ስም ያልታወቀ ሲሆን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፉዜላ ታትሟል። ከዚያ በፊት የነገሥታት ታሪክ የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። በአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ነው። የንጉሥ ታሪክ ከግዕዝ ወጥቶ በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈው፣ ከበረሃ መጥቶ ለነገሠ ሰው ነው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ይመስለኛል። የግዕዙ ዜና መዋዕል የተሠራው በአባቱ ዙፋን ላይ ለሚቀመጥ ንጉሥ ነው፤ የትውልዱ ሐረግ፣ ምሥጢሩ፣ ምሳሌው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከቆላ ለቆላ ሲሸሽ ለኖረ ሰው ግን ያ ልብስ አይበቃውም። ዘነብ ማውራት ነበረበት፤ ለወሬ ደግሞ አማርኛ ይሻላል።

የዘነብን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚያገኘው የጨዋታ አዋቂ ትረካ ነው። እንደ ዘነብ አተራረክ ካሣ የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች ያከፋፍላል፤ የእርሻ መሣሪያ ግዙበት ይላቸዋል። የኮሶውም ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። የእቴጌ መነን ሰው የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ፣ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ በካሣ ላይ ፎከሩ። ተሸንፈው በተያዙ ጊዜ ካሣ እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትምና እህል የለኝም በማለት ኮሶ አስጠጣቸው ይባላል። ቀልዱ መራራ ነው። ተረቱ ግን አንድ ሥራ ይሠራል፤ ሰውየውን የተሰደበበትን ድኽነት መሣሪያ አድርጎ ያሳየናል። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ መሸጥ አለመሸጣቸውን ተረቱ አያረጋግጥም፤ አባቱም ቢሆኑ የቋራ ባላባት ነበሩ። የትልቅ ሰው ልጅ የድኻ ልጅ ተብሎ መሰደቡ ለወሬው ጣዕም ሰጠው፤ ስድቡ ኋላ ምስጋና ሆነ።

ከዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን ነገር አለ። ዘነብ የጻፈው ካሣ ከነገሠ በኋላ ነው። ጉር አምባ፣ አይሻልና ደረስጌ አልፈዋል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ ዘውዱን ጭነዋል። የሚጻፍለት ሰው በሕይወት አለ፤ ኃይለኛም ነው። ስለዚህ የሽፍትነቱ ዘመን የተተረከው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በመመልከት ነው። ለገበሬው ገንዘብ ሰጠ የሚለውን ወሬ ውሸት ነው ለማለት ምክንያት የለኝም፤ ሽፍታ የሚሸሸግበትን አገር ሰው ካላስደሰተ አንድ ክረምትም አይከርምም። ግን ገንዘቡ የማን ነበር? በጎንደርና በመተማ መካከል ጭነቱን ያጣው ነጋዴ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልነበረውም። በእነዚያ ገጾች ውስጥ የሌለው ድምፅ የእሱ ነው።

ንጉሡ ራሱ የቀድሞ ሥራውን እንዴት ያየው እንደነበር የሚያሳይ አንድ ወሬ በዘመኑ አገራችንን የጎበኙ የውጭ መንገደኞች መዝግበዋል። ቴዎድሮስ እንደነገሠ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ነጋዴም ወደ ንግዱ፣ ገበሬም ወደ እርሻው ብሎ ዐወጀ። በዘረፋ የታወቁ የአንድ አገር ሰዎች መሣሪያቸውን እንደያዙ ቀርበው፣ የአባቶቻችን ሥራ መቀማት ነውና በዐዋጁ መሠረት ይጽናልን አሉት። በሬና መሬት ልስጣችሁ፣ እረሱ ቢላቸው እምቢ አሉ፤ አስፈጃቸው። ወሬው በዝርዝሩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰዎቹ ሞኝ አልነበሩም። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው በምን መንገድ እንደመጣ ያውቁ ነበር።

በዘመናዊው ድርሰት የካሣ መልክ እንደገና ተለወጠ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ብርሃኑ ዘርይሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አወጡ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔት ተመልሰውበታል። የአቤ መጽሐፍ ከንጉሡ ሞት መቶኛ ዓመት ጋር ተቀራርቦ መውጣቱ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። ያ ዘመን ተማሪው የመሬት ለአራሹን ጥያቄ ያነሣበት ነው፤ ከታች የመጣ፣ መሳፍንትን የሰበረ ሰው ይፈለግ ነበር። የባላባትነቱ ነገር ደበዘዘ፤ የኮሶው ነገር ጎላ። በሌላ በኩል ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የፈጠሩት አበጀ በለው ለገበሬው ሲል በጌታው ላይ የተነሣ ሰው ነው፤ ዘውድ አይመኝም። በእኔ አስተያየት ኤሪክ ሆብስባውም በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝብ ሽፍቶች በጻፉት መጽሐፍ የገለጹት ዓይነት ሰው በአማርኛ የሚገኘው በታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን እዚህ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ነው።

ሽፍታን ጀግና ማድረግ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው ረጅም የታሪክ ፊልም የሚባለው በ1906 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተሠራው ስለ ኔድ ኬሊና ስለ ጓደኞቹ ነው፤ ኬሊ ከተሰቀለ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ፍራንቼስኮ ሮሲ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ሲሲሊው ሽፍታ ስለ ሳልቫቶሬ ጁሊያኖ በሠሩት ፊልም ሽፍታው ፊቱ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው አገሩ፣ ፖሊሱና ሬሳው ነው። በአሜሪካም ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የፊልም ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያዝዝ ስለነበር ወንበዴው በመጨረሻው ትዕይንት መሞት ነበረበት። የካሣን ታሪክ በዚህ መለኪያ ለሚያይ ሰው ችግሩ ግልጽ ነው። የእኛ ሽፍታ ከመካከሉ ላይ ይነግሣል፤ ፍጻሜው ገና ሩቅ ነው።

ፍጻሜውን ለሚፈልግ ደብረ ታቦር አለች። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፎ ካቃጠለ በኋላ የሚታዘዝለት አገር ከሠፈሩ ዙሪያ ብዙም አይርቅም ነበር። ስንቅ ለማግኘት የበጌምድርን ገበሬ ዘረፈ፤ ገበሬውም ሸፈተበት። ወታደሩ በሌሊት እየከዳ ወደ ዐመፀኞቹ ይሄድ ጀመር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን ራሱ አቃጥሎ፣ በጋፋት የተሠራውንና ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተተ፣ መንገድ እየቆረጠ ወደ መቅደላ ገሠገሠ። ጠላት ከኋላም ከፊትም ነበር፤ ሸክሙ ቢከብድም አካሄዱ የቋራውን ዘመን ይመስላል። ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጡ ሞተ።

የዘነብ መጽሐፍ ወደዚያ አይደርስም፤ ንጉሡ ገና በኃይሉ ሳለ ያቆማል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ለማንበብ ወደ አለቃ ወልደ ማርያም መሄድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከጭካኔው ብዙ ይቆጥራል። ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱን ብቻ ያነበበ ደራሲ የትኛውን እንዳነበበ ከድርሰቱ ያስታውቃል።