የጎርጎራው ሐናፂ

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰከላ ወጥቶ ግሽ ዓባይን የተሳለመ ሁሉ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ምንጩን ስላየው ስለ እስፓኛዊው ካህን ስለ ፔድሮ ፓኤዝ ሰምቶ ይሆናል፤ ሐናፂነቱን ግን የሚያነሣለት ጥቂት ነው።

በ1564 ተወልዶ በ1603 ወደ አገራችን የገባው ይህ ሰው፣ በጣና ዳር በጎርጎራ ለንጉሡ ባለደርብ ቤት ሲያንጽ መዶሻውንና መሮውን ራሱ አሠርቶ፣ የድንጋዩንና የእንጨቱን ሥራ ለሠራተኞቹ በገዛ እጁ አሳየ። ሕዝቡም «ቤት በቤት ላይ» እያለ ሊያይ ይጎርፍ ነበር። ቀጥቃጭና ጠራቢ በሚናቅበት በዚያ ዘመን የንጉሥ መካሪ መዶሻ መያዙ፣ ለእኔስ ከሕንፃው ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

በ1622 ሞተ። ያስተማረው ሃይማኖት አገሩን ከፍሎ ብዙ ደም ስላፈሰሰ፣ በ1632 ንጉሡ ራሱ በዐዋጅ ሻረው፤ ማኅበሩም በዐፄ ፋሲል ዘመን ተባረረ። የሐናፂው ስም ግን ከክርክሩ ጋራ አብሮ መጣል አልነበረበትም።