ከሚጣል ቡችላ ወደሚለቀስለት ቡችላ

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ ስለ ውሻ እርባታ የሰጠው አንድ ምክር አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፦ ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደቻቸው ቡችሎች ይወሰዱባት። ምክንያቱንም አልደበቀም። ጀማሪዋ እናት በወጉ ማጥባት አትችልም፤ ማሳደጉም የራሷን የሰውነት እድገት ይጎትትባታል። በምክሩ ውስጥ ክፋት አይታይም፤ የሐዘንም ምልክት የለም፤ እንደ ማንኛውም የእርሻ ሥራ ተቆጥሮ ታልፏል። ዛሬ ውሻው ለመጀመሪያ ጊዜ የምታምጥበት ሰው ግን ቴርሞሜትርና ፎጣ ይዞ አጠገቧ ያድራል። የመጀመሪያው ቡችላ ጮኾ ሲተነፍስ ደስታው ወሰን ያጣል፤ ሌላው ሳይተነፍስ ሲወጣ ዕንባው ይቀድመዋል። እንስሳዋ ያቺው ናት፤ እርግዝናዋም ያው ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። የተለወጠው ሰው ነው፤ ለውጡም መነሻ ዘመንና መነሻ ምክንያት አለው። ለአዲስ ቡችላ የምናሳየው ደስታና ሐዘን እያንዳንዱ ቡችላ የሚታወቅበት መዝገብ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ማትረፍ የሚያስችል እውቀት ሲመጡ የተፈጠረ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የጥንቶቹን ሥራ ከውስጥ ካላየነው በስተቀር በከንቱ እንፈርድባቸዋለን። ከኮሉሜላ በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ ዕድሜው ሰማንያ ሲቃረብ ስለ እርሻ የጻፈው ቫሮ እንደሚለው፣ ቡችሎቹ ብዙ ከሆኑ ባለቤቱ የሚያስቀራቸውን ወዲያው መርጦ ሌሎቹን ይጥላል፤ የቀሩት ባነሱ መጠን ወተቱ ስለሚተርፋቸው ይፋፋሉ። ይኸው ሰው ግን ለአራሷ ገለባ ይነጠፍላት፣ ቡችሎቹም እስከ ሁለት ወር ከእናታቸው አይለዩ ይላል። መጣሉና መንከባከቡ በአንድ ገጽ ላይ ተጎራብተው ይገኛሉ፤ ቫሮም የሚጋጭ ነገር አላየባቸውም። ጡጦና የዱቄት ወተት በሌለበት ዘመን የእናቲቱ ጡት የሚችለው ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ በወሊድ ሰዓት የባለቤቱ ዓይን የመራጭ ዓይን ነበር። ጥያቄው የቱ ይቅር የሚል ስለነበር መምረጫ ዘዴም ተፈለገለት። ሮማዊው የተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊ ፕሊኒ ከአንድ ወሊድ ቡችሎች ምርጡ ዓይኑን በመጨረሻ የሚገልጠው ወይም እናቱ መጀመሪያ አንሥታ ወደ መኝታዋ የምትወስደው ነው ብሎ ጽፏል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው የካርታጎው ባለቅኔ ኔሜስያኑስ ደግሞ ቡችሎቹን በእሳት ክብ ከብቦ እናቲቱ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምታወጣቸው መመልከትን ያስተምራል። የእናት ድንጋጤ ለባለቤቱ የሚዛን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ስለ እሷ ስሜት ያውቁ ነበር፤ ባያውቁ ኖሮ ፈተናውን ባላሰቡት።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጥንታውያኑ ውሻቸውን ይወዱ ነበር፣ ለሞተውም መቃብር ያቆሙለት ነበር የሚል። እውነት ነው፤ ማስረጃውም ከጠቀስኳቸው የእርሻ መጻሕፍት ይልቅ ልብ ይነካል። በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ከሮም የተገኘ፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጸ የእብነ በረድ ጽሑፍ አለ። ማርጋሪታ ለተባለች፣ በጎል ምድር (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ለተወለደች አዳኝ ውሻ የቆመ መታሰቢያ ነው፤ የሞተችውም በወሊድ ነው። በጌቶቿ ጭን ላይ መተኛት የለመደች፣ ሰንሰለትና ግርፋት የማታውቅ እንደነበረች ድንጋዩ ይናገራል። በአራስ ውሻ ሞት ልቡ የተሰበረ ሮማዊ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ሆኖም ጽሑፉ የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ልብ እንበል። የሚያለቅሰው ለእናቲቱ ነው። ስለ ቡችሎቹ፣ ስለ ቁጥራቸውም ሆነ በሕይወት ስለ መትረፋቸው አንድም ቃል የለበትም። ስም ያላት፣ አብራ ያደነችና በቤት ውስጥ ቦታ የያዘች ውሻ ትለቀስላታለች፤ ገና ስም ያልወጣለት ቡችላ ግን ከሐዘኑ ክልል ውጭ ነው። በጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ በዜኖፎን ስም የሚታወቀው የአደን መጽሐፍም ቢሆን ቡችሎች ለሌላ አጥቢ ከመስጠት ይልቅ ከእናታቸው ጋር ቢቀሩ ይሻላል፣ ወተቷም ትንፋሿም መተሻሸቷም ይበጃቸዋል ሲል ርኅራኄው ግልጽ ነው፤ ግን የሚናገረው እንዲያድጉ ስለ ተመረጡት ነው። ስለዚህ ማርጋሪታ ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ወሰኑን ታሳየኛለች፤ ፍቅሩ ጥንትም ነበረ፣ ወደ አዲስ ተወላጁ ግን አልደረሰም።

ፍቅሩ ወደ አዲስ ተወላጁ እንዲደርስ ያደረገው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተጀመረ አንድ ልማድ ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. በኒውካስል ከተማ ፖይንተርና ሴተር የተባሉ ስልሳ አዳኝ ውሾች ለውድድር ቀረቡ፤ ሽልማቱ ጠመንጃ ነበር። በ1873 እ.ኤ.አ. በለንደን ኬኔል ክለብ የተባለው የውሻ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ በሚቀጥለው ዓመት 4,027 ውሾች የሰፈሩበትን የመጀመሪያውን የዘር መዝገብ አሳተመ። መዝገቡ ሲታይ ደረቅ የስም ዝርዝር ነው። ይሁን እንጂ አባትና እናት፣ የትውልድ ቀን፣ አርቢና ባለቤት የተጻፉለት ቡችላ ከዚያ በፊት ያልነበረውን ማንነት አገኘ። ወሊዱም የአርቢው የእጅ ሥራ ሆነ። ማንን ከማን ጋር እንዳዳቀለ፣ ስንት ዓመት እንደጠበቀ፣ ምን እንዳሰበ የሚመሰከርበት ቀን ያ የመጀመሪያው ወሊድ ነው። ኮሉሜላ እንዲታለፍ ያዘዘው በኩር ወሊድ አሁን አርቢው ከሁሉ አብልጦ የሚጠባበቀው ሆነ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ ቡችላ ዋጋ ስላወጣ ነው የተለቀሰለት የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ዋጋው ድርሻ እንዳለው አልክድም። ግን ጥሩ አዳኝ ውሻ በሮምም ውድ ነበር፤ ቫሮም የሚጥለው ወጪ የሌለበትን እንስሳ አልነበረም። በተጨማሪ፣ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኪሳራውን በሌላ ወሊድ ማካካስ ይበቃ ነበር፤ የእንግሊዝ ውሻ ወዳጆች ቀጥሎ ያደረጉት ግን ከዚህ ያልፋል።

የቡችላ ቤት ትልቁ መቅሠፍት ዲስቴምፐር የተባለው በሽታ ነበር። ዓይንና አፍንጫ በመግል ይዘጋል፣ ሳልና ተቅማጥ ይከተላል፣ ብዙ ጊዜም መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ በደህና የተወለዱና ጡት የተዉ ቡችሎች በሳምንታት ውስጥ ያልቃሉ። የፈንጣጣ ክትባት አባት ኤድዋርድ ጄነር በ1809 እ.ኤ.አ. በሽታውን በጥንቃቄ ገልጾታል። በ1905 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ካሬ መንሥኤው በማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን አሳየ። ከዚያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዘ ፊልድ የተባለው የእንግሊዝ የአደንና የገጠር ሕይወት መጽሔት የመዋጮ ጥሪ አቀረበ፤ ቡችሎቻቸውን ያጡ ሰዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ላይድሎና ደንኪን የተባሉ ተመራማሪዎችም በመንግሥት የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሥር ሥራውን ያዙ። ፌሬት የሚባለው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ በበሽታው እንደሚያዝ ስላስተዋሉ በእሱ ላይ እየሞከሩ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ክትባት አደረሱ። ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1933 እ.ኤ.አ. ላይድሎ ከባልደረቦቹ ከስሚዝና ከአንድሩዝ ጋር ሆኖ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለይ የተጠቀመው በዚያው በፌሬት ነው፤ እንስሳው ለሥራው እንደሚመች የታወቀው ከውሾቹ በሽታ ጥናት ነበር። ለእኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ማስረጃ መዋጮው ነው። ሐዘናቸው ከንቱ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቤታቸው ይቀር ነበር፤ እነሱ ግን ሞቱ መቆም እንደሚችል አመኑ። ከዚያ ወዲህ የሞተ ቡችላ ሊተርፍ ይችል የነበረ ቡችላ ሆኖ ይታያል፤ የሐዘኑ ምሬትም ከዚሁ የመጣ ነው።

የመዝገቡንና የውድድሩን ልማድ ሳወድስ ያደረሰውን ጉዳት መሸፈን አልፈልግም። ለቡችላው ስም ያስገኘለት ያው መዝገብና ያው የውድድር መድረክ በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ ወሊዱን ራሱን አበላሽቶታል። ቡልዶግ ለዚህ ምስክር ነው። በሬ የማናከስ ጨዋታ በ1835 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲከለከል ውሻው የቀድሞ ሥራውን አጣ፤ ከዚያም በመልኩ ብቻ ሲመረጥ ጭንቅላቱ እየሰፋ፣ አፍንጫው እያጠረ፣ የሴቷ ዳሌ ግን እየጠበበ ሄደ። በ2010 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ጥናት በቦስተን ቴሪየር፣ በቡልዶግና በፍሬንች ቡልዶግ ከመቶ ወሊድ ከሰማንያ በላይ የሚሆነው በቀዶ ሕክምና እንደሆነ አሳይቷል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬኔል ክለብ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ውሻ ከዚያ በኋላ የሚወለዱ ቡችሎችን አልመዘግብም ብሏል። ዘግይቷል፤ ግን ትክክል ነው። የባለቤቱ የሌሊት ጭንቀት ከፊሉ ሰው ራሱ በእንስሳዋ አካል ላይ የሠራው ነው፤ ይህን ጭንቀት የፍቅር መለኪያ አድርጎ መኩራራት ውሻዋን መበደል ነው።

ስለ እናቲቱም የምናውቀው ከጥንቱ ጠልቋል። ምጧ ሲቀርብ የሰውነቷ ሙቀት ይወርዳል፣ ምግብ ትተዋለች፣ ታለከልካለች፣ መኝታዋን ትቆፍራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ከሆነች የራሷን ቡችላ ልትደነግጥበት፣ የተወለደበትን ሽፋን ሳትቀድ ልትተወው፣ ሳታውቅም ልትተኛበት ትችላለች። ኮሉሜላ ያየው ይህንኑ ነው፤ ትዝብቱ ልክ ነበር። የተሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው። አጠገቧ ሆኖ ሽፋኑን የሚቀድ፣ ቡችላውን በፎጣ የሚያሽና እንገሩን በመጀመሪያው ቀን እንዲጠባ ወደ ጡቷ የሚያስጠጋ ሰው ካለ አብዛኞቹ ጀማሪዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ እናትነቱን ይይዙታል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር የሠሩት ተመራማሪዎች ስኮትና ፉለር በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ደግሞ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላው ከውሻም ከሰውም ጋር መኖርን የሚማርበት መሆኑን አስረድቷል። ቫሮ ሁለት ወር አይለዩ ያለው እነሆ ከሁለት ሺሕ ዓመት በኋላ ድጋፍ አገኘ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ዛሬም በአርቢዎች መካከል ይሰማል፤ ደካማውን ተፈጥሮ መርጣ ታስወግደው፣ ሰው አይግባበት ይላሉ። ነገሩ ጥበብ ያለበት ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከሮም የእሳት ክብ እስከ እንግሊዝ የውድድር መድረክ ድረስ መራጩ ምንጊዜም ሰው ነበር፤ ደካማነቱም ብዙ ጊዜ ከዝርያው አመራረጥ የመጣ ነው። በኖርዌይ በ10,810 ወሊዶች ላይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እስከ መጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ስምንት በመቶ ያህሉ ቡችሎች ሞተው እንደሚወለዱ ወይም እንደሚሞቱ፣ ከአራት ወሊድ በአንዱ ገደማም ቢያንስ አንድ ቡችላ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ሐዘኑ ስለዚህ ከዚህ ሥራ አይወገድም። ግን ዛሬ የአርቢው መመልከቻ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ሲወለድ የቀለለና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ክብደት ያልጨመረ ቡችላ አደጋ ላይ እንደሆነ ሚዛኑ ሞቱ ሳይደርስ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ቡችላ ሰውነቱን አሙቀው፣ ብርቱዎቹ ወንድሞቹ በማይገፉት ሰዓት ወደ እናቱ ጡት ይመልሱታል፤ ካልበቃውም ተጨማሪ ወተት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይሰጡታል።