ከናስ እስከ በረኪና

በረኪናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

የእህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አባቴ «ልጄ በኪራይ መኪና አትሄድም» ብሎ ቁርጥ አድርጓል። የምትሄደው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ በቆመችው አሮጌ የጀርመን መኪናው ነው። በጊዜዋ የቅንጦት መኪና ነበረች። አሁንም ሞተሯ ወዲያው ይነሳል፤ ቀለሟም እምብዛም አይከፋም። ያረጀችው በጌጧ ነው። የፊት ፓራውልቷ እንደ ኩፍኝ የዝገት ነጠብጣብ አውጥቷል። በበሮቿ ወገብ ላይ የሚሄደው ቀጭን ብረት ተጫጭሯል፣ እዚህም እዚያም ጎድጉዷል። በመስኮቶቿ ዙሪያ የሚዞረው ደግሞ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት ደብዘዝ ብሏል።

«ለኔ ተዉት» አልኩና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና አንድ ጠርሙስ በረኪና ይዤ ወጣሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፓራውልቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታይ የጭረት ድር ሠርቼ ነበር። ይሄስ ምንም አይደል። የመስኮቱ ዙሪያ ላይ ግን ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ እድፍ ወጣ። በውኃ አጠብኩት፣ ጠፋ። ደረቀ፣ ተመለሰ። ደግሜ አጠብኩት፤ ያው። አባቴ ወጥቶ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እድፉን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና «ሂድ ጋሼን ጥራቸው» ብቻ አለኝ።

ጋሼ የሰፈራችን ባትላሜራ ናቸው። ቃሏ ራሷ ታሪክ አላት፤ ከጣሊያንኛ የመጣች ናት፣ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፦ የመኪናን አካል ዛሬም የምንጠራው ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ትተውልን በሄዱት ስም ነው። ጋሼ መጡና ከኪሳቸው ከተበላሸ ስፒከር የተነቀለ ማግኔት አወጡ።

«እዚህ መኪና ላይ ስንት ዓይነት የሚያብረቀርቅ ብረት አለ?»

«አንድ ነዋ፣ ክሮም።»

ሳቁ። «ሦስት ነው። አንተ ሦስቱንም በአንድ ሳሙና አጠብካቸው።»

እንግዲህ ከዚያን ዕለት ማታ ጀምሮ ማንበብ ያዝኩ። ከዚህ በታች ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መኪና ሲጀመር ጌጡ ናስ ነበር። መብራቱ ናስ፣ ጥሩምባው ናስ፣ የራዲያተሩ ዙሪያ ናስ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ መኪናውን እየነዳ አዲስ አበባ አፄ ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ፣ የዓለም መኪና በሙሉ ገና በናስ ዘመን ላይ ነበር። ናስ ሲታሽ ወርቅ ይመስላል፤ ግን ሳምንት ከተውከው ይጠቁራል። ሀብታም የሚወለውልለት ሾፌር አለው፤ መኪና ወደ ተራው ሰው ሲወርድ ግን ናሱን ማን ይሽ? ፎርድ ሞዴል ቲ በ1917ቱ ምርት የራዲያተሩን ናስ ጥሎ ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ አለበሰው። ውድ መኪኖች ደግሞ ወደ ኒኬል ሄዱ። ኒኬል እንደ ናስ አይጠቁርም፤ ግን ቀስ እያለ ቢጫ ይላል፣ ጭጋግም ያለብሰዋል።

ክሮሚየምን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክለን በ1797 ከሳይቤሪያ ከመጣ ቀይ ማዕድን ነው ያገኘው። ስሙን ያወጡለት ከግሪክኛው «ቀለም» ነው፤ ውህዶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ስለሚሆኑ። እንግዲህ አስቡት፣ ይህ ብረት ፓራውልት ላይ ለመውጣት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። ከፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ አውጥቶ ሌላ ብረት ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ማልበስ አስቸጋሪ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኮሊን ፊንክና ባልደረቦቹ መላውን አገኙ፤ ሚስጥሩ ያለው ክሮሚክ አሲዱ ውስጥ በምትገባ ጥቂት ሰልፌት ላይ ነው፣ ለመቶ እጅ አንድ እጅ ገደማ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት እንኳ አልፈጀም፤ የአሜሪካ መኪና ሁሉ አበራ።

አሁን ወደ አባቴ ፓራውልት። ክሮም ብለን የምናየው ሽፋን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። አንድ የፀጉር ዘለላ ሰባ ማይክሮን ቢሆን፣ የአንድ ፀጉር ያህል ለመወፈር ከመቶ በላይ ክሮም መደራረብ አለበት ማለት ነው። የሚያምረውም የሚጠብቀውም ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው፤ እሱ በአሥር በአሥር ማይክሮን የሚቆጠር ውፍረት አለው። ክሮሙ ኒኬሉ ቢጫ እንዳይል የሚከላከል ሰማያዊ ቢጤ ስስ ልብስ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ስላሉት ውኃ ያሳልፋል። ዝገቱ የክሮሙ አይደለም፤ ክሮም አይዝግም። ኒኬሉ በተበሳበት በኩል ከታች ያለው ብረት ነው ራሱን የሚያሳየው።

ይህን ዓለም የተማረው በጦርነት ነው። የኮሪያ ጦርነት ሲፋፋም የአሜሪካ መንግሥት ኒኬልን ለጦር መሣሪያና ለጄት ሞተር ብሎ ከሲቪል ፋብሪካዎች ቀነሰ። የኛ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ በዘመተበት ጊዜ ማለት ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ምን አደረጉ? መዳብ ለበጡና ክሮሙን በላዩ አለበሱ፤ እንዳይጋለጥ ደግሞ ጠራ ያለ ቫርኒሽ ቀቡት። መሸጫ አዳራሽ ውስጥ ልዩነቱ አይታይም። ቫርኒሹ ሲላጥ ግን የ1952 መኪኖች ፓራውልት ገና በአጭር ጊዜ ዝጎ ተገኘ። አሮጌ መኪና የሚያድሱ አሜሪካውያን ዛሬም የዚያን ጊዜ ክሮም ሲያነሱ በምሬት ነው።

ልክ ሰላም ሲወርድና ኒኬሉ ሲመለስ ግን መረኑን ተለቀቀ። የ1958 ቢዊክ ፊቱ ላይ ብቻ 160 ትንንሽ ክሮም የለበሱ ካሬዎች ነበሩት። እንደኔ እንደኔ አስቀያሚ መኪና ነው፤ አባቴ አይስማማም።

ፓራውልቱን እንዴት አዳንነው? ጋሼ ሽቦዬን ወርውረው የምግብ መጠቅለያ ፎይል አስመጡኝ። ጨምድዶ ውኃ እያስነኩ ማሸት ነው። አሉሚኒየም ከክሮም ይለሰልሳል፤ ዝገቱን ይዞ ይወጣል እንጂ ክሮሙን አይቧጭረውም። እኔ የሠራሁትን ጭረት ያመጣው ሽቦው ብቻ አልነበረም፤ ሳላጥበው ጀምሬ ስለነበር ሽቦው ሥር የገባው አሸዋና የዝገት ፍርፋሪ ጭምር ነው። ነጠብጣቦቹ ጠቆር ያሉ ቀዳዳዎች ሆነው ቀሩ፤ እነሱን በሰም ደፈንናቸው። ጭረቱም ቀርቷል።

እንደ አዲስ ማስነከርስ? ይቻላል፤ ግን ሽፋኑን በሙሉ ገፎ፣ ብረቱን አስተካክሎ፣ መዳብ፣ ኒኬል፣ ክሮም በየተራ ማልበስ ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረንም። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ገንዳው ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ክሮሚየም የሚባለው ዓይነት የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ የድሮ ሠራተኞች የአፍንጫቸው መካከለኛ ግድግዳ ይበሳ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠሩበት አድርጓል። ካሊፎርኒያም በ2023 ለጌጥ የሚውለውን ከ2027 ጀምሮ ለማስቆም ወስናለች። አዳዲስ የቅንጦት መኪኖች ጌጣቸው ጥቁር የሆነው ለፋሽን ብቻ ይመስላችሁ ነበር?

የበሩ ወገብ ላይ ማግኔቱ ሲይዝ «ይሄም ክሮም ነው» አልኩ። ጋሼ ጥልቅ ጭረት ያለበትን ቦታ አሳዩኝ። ቢጫ የለም፣ ዝገት የለም፤ ውስጡም ላዩም አንድ ነው። ስቴንለስ ስቲል ነው። ማግኔት የማይዘው ስቴንለስ ኒኬል የተጨመረበት ነው፤ ለመኪና ጌጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ርካሹ ያለ ኒኬል ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል።

የሼፊልዱ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 ሲፈልግ የነበረው ጌጥ አልነበረም፤ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ ነው። ከ12 በመቶ በላይ ክሮሚየም ያለበት ብረት አቀለጠ፤ ብረቱ አሲድ ሲነካው እንደ ሌላው አልበላ አለው። ጀርመን ውስጥ የክሩፕ ሰዎችም በ1912 በሌላ መንገድ ደርሰውበት ነበር። በ1930 ኒው ዮርክ ላይ የተጠናቀቀው የክራይስለር ሕንፃ ጫፉን የለበሰው በክሩፕ ቀመር በተሠራ ስቴንለስ ነው፤ 31ኛው ፎቅ ማዕዘኖች ላይ የቆሙት ጌጦች የክራይስለር መኪና የራዲያተር ክዳን ቅርጽ አላቸው። በዚያው ዓመት ፎርድ ሞዴል ኤ የራዲያተሩን ዙሪያና የመብራቱን ቤት ስቴንለስ አደረገ። ክሮሚየሙ ያው ክሮሚየም ነው፤ ከላይ መልበሱ ቀርቶ ውስጥ ገባ። ላዩ ላይ የሚሠራው ኦክሳይድ ሲቧጨር ራሱን መልሶ ይጠግናል። ስለዚህ ስቴንለስን መሞረድ ይቻላል፤ ቢሞርዱትም ከሥሩ ሌላ ብረት አይመጣም።

ሁለት ቀን እዚህ ላይ ነው ያለቀው፤ እውነት ለመናገር ከሠርጉ ዝግጅት ሁሉ በጣም የወደድኩትም እነዚህን ሁለት ቀናት ነው። ብረቶቹን ከነመያዣቸው ነቀልን። ጋሼ ጎድጓዳውን በትንሽ መዶሻ ከኋላ እየነካኩ ወደ ቦታው መለሱት፤ ባትላሜራ መባላቸው ለዚህ ነው። እኔ ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካሁ፣ መጀመሪያ ባለ 400፣ ቀጥሎ 800፣ 1200፣ 2000። አንዱ የተወውን ጭረት ቀጣዩ ካላጠፋው ወደኋላ መመለስ ነው፤ ቸኩዬ ሁለቴ ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ ድሪል ላይ የታሰረ የጨርቅ ጎማና አረንጓዴ ማበሻ። አረንጓዴው ምን መሰላችሁ? የክሮሚየም ኦክሳይድ ዱቄት። ከዚያ ብረቱ ውስጥ የእህቴን ፊት አየሁት፤ ከኋላዬ ቆማ ምሳ ቀረበ ትላለች።

የመስኮቱ ዙሪያ ቀረ። ማግኔቱ ወደቀ። ጋሼ ቴስተር አስመጡና አንዱን ጫፍ የተፋቀ ቦታ ላይ፣ ሌላውን ደህናው ላይ ቀስ ብለው አሳረፉ። አልጮኸም። ብረት ሆኖ ኤሌክትሪክ አላስተላልፍ አለ።

አኖዳይዝ የተደረገ አሉሚኒየም ነው። ይህም ከመኪና የመጣ ጥበብ አይደለም፤ በ1923 እንግሊዝ ውስጥ የባሕር አውሮፕላን አካል በጨው ውኃ እንዳይበላ ተብሎ ነው የተጀመረው። በ1927 በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራው ዘዴ መጣና ርካሽ ሆነ። አሉሚኒየሙን አሲድ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፉበት ከራሱ አካል ጠንካራና መስታወት የመሰለ ቆዳ ያበቅላል። ቀለም አይደለም፣ ሽፋን አይደለም፤ ራሱ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ጭረት ይችላል፣ ፀሐይና ዝናብ ለዓመታት ይሸከማል። ጠላቱ ኃይለኛ አሲድና ኃይለኛ አልካላይ ናቸው፤ ፒኤቹ ከ4 እስከ 9 ገደማ ባለው መካከል ነው በሰላም የሚኖረው። በረኪና ከ11 በላይ ነው።

ያ ወተት የመሰለው እድፍ እድፍ አልነበረም ማለት ነው። የተበላ ቆዳ ነው። ሲረጥብ የሚጠፋው ውኃው ቀዳዳዎቹን ስለሚሞላቸው ነው።

ጋሼ ለአባቴ እንዲህ አሉት። ወይ እንዳለ ተወው። ወይ ቆዳውን ገፈን እናበራዋለን፤ ግን ራቁቱን ስለሚቀር በየወሩ ሰም ካልተቀባ ይደበዝዛል። መልሶ አኖዳይዝ የሚያደርግ ደግሞ በዚህ ሦስት ሳምንት አላገኝልህም። አባቴ መኪናዋን ዞሮ አያት። እኔ በረኪና ያስነካሁት የቀኝ የኋላ በር ነበር።

«ይሄን ብቻ» አለ። «ሌሎቹን አትንኩብኝ።»

በኮስቲክ ሶዳ ገፈፍነው፣ አበራነው። በጣም አበራ፤ ከሌሎቹ በላይ፣ እስኪያስጠላ። የሠርጉ ዕለት ፎቶ አንሺው እህቴን ሁሉ ጊዜ በዚያ በር በኩል ነው ያቆማት። አባቴ ፎቶዎቹን ሲያይ ጣቱ በሩ ላይ ቆም ይላል፤ ምንም አይናገርም።

ሰሙን የምቀባው እኔ ነኝ፣ በወር አንዴ። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ስለነበር አልፏል፤ ዛሬ ልወጣ ነው።