«ራን»፤ የአንዲት አጭር ቃል ረጅም ታሪክ

በምሕንድስና ሙያ የተሰማራ ሰው ከእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ሳይጋጠም የሚውልበት ቀን የለም። የማሽኑ መመሪያ፣ የመለዋወጫው ዝርዝር፣ የመቈጣጠሪያው ሰሌዳ ሁሉ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከእነዚህም ቃላት መካከል የሚያስቸግሩን ረጃጅሞቹና እንግዶቹ ይመስሉን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። «ተርሞዳይናሚክስ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ በደንብ የተማረ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትበትም፤ ትርጉሙ አንድ ነውና። የሚያሳስቱት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ዐውቃቸዋለሁ» የሚላቸው ትንንሽ ቃላት ናቸው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከእነርሱ የአንዷን፣ «ራን» የተባለችውን፣ ታሪክ ለአንባቢ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝን ምክንያት አልደብቅም። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በምሠራበት ፋብሪካ የነበረውን የአንድ ፓምፕ መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱ ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩት፤ «ዶንት ራን ድራይ»። እኔም ሳልጠራጠር «በደረቅ ቦታ አታስኬዱ» ብዬ ጻፍሁና በፓምፑ አጠገብ ለጠፍሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓምፑ ውኃ ሳይገባበት ተነሥቶ ኖሮ ማሸጊያው ተቃጠለ። ዘንጉን ዙሪያውን የሚይዘው ያ ማሸጊያ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ውኃ ነውና ባዶውን ሲሽከረከር ብዙ አይቈይም። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ሽማግሌው ሠራተኛ ፊት ለፊት እያዩኝ፣ «ልጄ፣ ወለሉን እኮ በደንብ አርጥቤ ነው ያስነሣሁት» አሉኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም።

ወደ ቃሉ ታሪክ እንመለስ። «ራን» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወረሰ ግሥ ሲሆን በዚያን ዘመንም ቢሆን ለሰውና ለፈረስ ሩጫ ብቻ ሳይሆን ለውኃ ፍሰትም ያገለግል ነበር። የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ ሁለቱን ትርጉሞች በሁለት ቃላት ከፍሎ ይዟቸዋል፤ «ሬነን» ሮጠ፣ «ሪነን» ደግሞ ፈሰሰ ወይም ተንጠባጠበ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ቃል ለሁሉም አስቀረው። ስለዚህም ወንዙ «ይሮጣል»፣ አፍንጫ «ይሮጣል»፣ በመጥፎ አጣጠብም የጨርቅ ቀለም «ይሮጣል»። በእኛ አገር ወንዝ ይወርዳል እንጂ አይሮጥም።

ቃሉን ያበዛው ግን በእኔ ግምት ማሽኑ ነው። የወፍጮው ጎማ በውኃ ግፊት ሲዞር፣ እንፋሎት ሞተሩን ሲያንቀሳቅስ፣ ባቡር በሐዲዱ ላይ ሲመላለስ ለሁሉም የተገኘው ስም ይኸው ነበር። ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1830 ሲከፈት ባቡሩ «ይሮጥ» ነበር፤ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሮጥ የሚያደርገውም ሰው ባቡሩን «ያሮጥ» ነበር። ከዚያማ ባቡሩን ያሮጠ ድርጅቱንም ያሮጣል፤ ሆቴልን፣ ትምህርት ቤትን፣ መንግሥትን ጭምር። በሃያኛው መቶ ዓመት ኮምፒዩተር ሲመጣ ፕሮግራሙም እንደ ቀድሞው ማሽን «ሮጠ»፤ ምንም እንኳ ከቦታው ፈቀቅ የሚል ነገር ባይኖርም።

ይህን ሁሉ የመዘገቡት ሰዎች ታሪክም ሊነገር የሚገባው ነው። የለንደን የቋንቋ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1857 ባነሣው ሐሳብ መነሻነት የተጀመረው፣ ዛሬ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የሚባለው ሥራ ከ1879 ጀምሮ በጄምስ መሪ ተመራ። መሪ በጓሮው ባሠራው የቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ ከየአገሩ በጎ ፈቃደኞች የሚልኩለትን የጥቅስ ወረቀት በየሣጥኑ ይደለድል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ። እርሱ በ1915 ሲሞት ሥራው አላለቀም፤ የተፈጸመው በ1928 ነው። በዚያ መዝገብ ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» የተባለው ግሥ ነበር (የእኛን «ሴት» አይደለም)። በ1989 በ20 ጥራዝ በወጣው ሁለተኛ እትም ለዚህ ቃል 430 ያህል ትርጉሞች ተሰጥተውታል።

በሦስተኛው እትም ዝግጅት ግን ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። ፒተር ጊሊቨር የተባለው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በ«ራን» ላይ ብቻ 9 ወራት ያህል ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ለግሡ ብቻ 645 ትርጉሞች እንዳሉት ታወቀ። ስሙን እንጨምር ብንል ከዚህም ይበዛል። አንድ ሰው ለአንዲት ቃል 9 ወር መስጠቱ የሚያስገርመው ካለ፣ እኔ ያንን ማስጠንቀቂያ የተረጐምሁት በ1 ደቂቃ መሆኑን ያስታውስ።

ከ645ቱ ውስጥ ብዙዎቹ እኛን አይነኩም። የሴት ካልሲ ክሩ ሲተረተር፣ ጋዜጣ አንድን ዜና ሲያወጣ፣ ገንዘብ አስቀማጮች ባንኩ ይከስራል ብለው ሲሻሙ ቃሉ ያው ነው። በምርጫ ለመወዳደር አሜሪካዊው «ይሮጣል»፣ እንግሊዛዊው ግን «ይቆማል»፤ ይህን ልዩነት ባየሁ ቍጥር ያስቀኛል።

በእንግሊዞች ብቻ መሣቅ ግን አይገባም። እኛስ «ጣለ» የምንለውን ቃል ለባዕድ ተማሪ እንዴት እናስረዳዋለን? ዝናብ ይጥላል፣ ዶሮ ዕንቍላል ትጥላለች፣ ሙሽራ ቤት ድንኳን ይጣላል፣ ዕቁብ ይጣላል፣ ጠጅ ይጣላል፣ መንግሥት ቀረጥ ይጥላል፣ ግንበኛ መሠረት ይጥላል። ታጋይም ባላጋራውን ይጥላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእርግጥ አንድ ነገር ከእጅ ወደ መሬት የሚወድቅበት ስንቱ ነው? አማርኛ ተናጋሪ ግን በአንዱም አይደናገርም።

በሙያችን ውስጥ ያለው «ራን» ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ደረቅ ሩጫ» በፓምፕ ላይ ጥፋት ነው፤ በሌላ ቦታ ግን ያው አነጋገር ያለ ጭነት የሚደረግ ልምምድ ማለት ሲሆን የሚመከር ነገር ነው። የናፍጣ ሞተር «ሮጦ አመለጠ» ከተባለ ፍጥነቱ ከቍጥጥር ውጭ ሆኗል ማለት ነውና በአጠገቡ የቆመ ሰው መራቅ አለበት። «የወንዝ ሩጫ» የሚባለው የኃይል ማመንጫ ደግሞ ራሱን የቻለ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ሳይኖረው በሚደርሰው ፍሰት የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሁለት ከጊቤ አንድ የሚወጣውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዋሻ ተቀብሎ 420 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ በመሆኑ ከዚህ ወገን ይቈጠራል። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው ከዚህ ስም ምን እንደሚያወጣ መገመት አያዳግትም።

ማሸጊያው ተለውጦ ፓምፑ ሥራ በጀመረበት ቀን ያንን ወረቀት ቀደድሁና «በፓምፑ ውስጥ ውኃ መሙላቱ ሳይረጋገጥ ሞተሩን ማስነሣት ክልክል ነው» ብዬ በትልልቁ ጻፍሁ። ሽማግሌው ቆመው አነበቡት። «ደኅና ነው፣ ግን ረዘመ» አሉኝ። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጠመንጃ ጥይት እንደሚጐርሰው አድርገው፣ «ውኃ ሳይጐርስ አታስነሣው» አሉ። የተለጠፈውም ይኸው ሆነ።