ትዝታ ምን ይጎድለዋል?



ባለፈው ሳምንት እዚህ ሸኮ፣ በክበባችን አንድ ተማሪ በኪቦርድ ትዝታን ሊያጅብ ሞከረ። ከመጽሐፍ የተማራቸውን ሦስት ኮርዶች ነበር የሚጫነው። የምትዘፍነው ልጅ መሃል ላይ አቁማ «ዘፈኑን የፈረንጅ አደረግከው እኮ!» አለችው። እሱም «ችግሩ የኛ ቅኝት ነው፤ ሁለት ድምፅ ይጎድለዋል» ብሎ መለሰ። ይቺ «ይጎድለዋል» የምትል ቃል ስትከነክነኝ ሰነበተች።

እስቲ እንየው። ኮርድ የሚሠራው ከስኬሉ አንድ አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፅ አብሮ በመምታት ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል የዶ ኮርድ ነው። ፋ፣ ላ፣ ዶ የፋ። ሶል፣ ሲ፣ ሬ ደግሞ የሶል። ትዝታ ሜጀር ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ የፋን ወይም የሶልን ኮርድ በተጫነ ቁጥር ፋ እና ሲ የሚባሉ ያልተጠሩ እንግዶች ይገባሉ። ዘፋኟ የሰማችው እነሱን ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ያገራችንን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ያቀናብሩ ነበር። ከዚያ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ መጡ። የተወለዱት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፍባት ጅማ ነው። ብሪታንያ የተላኩት ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሙዚቃ ዞሩ፤ ቦስተን በርክሊም ገቡ። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን፣ በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን አወጡ። መንገዳቸው አምስቱን ድምፅ ዜማው ላይ አስቀምጦ፣ አሥራ ሁለቱን ድምፅ የሚጠቀም የጃዝ ኮርድ ከሥሩ ማንጠፍ ነው። ዋናው ጥንቃቄ የቅኝቱ ለዛ እንዳይጠፋ ነው።

አሁን ራሱን ትዝታን አንድ አንድ እየዘለላችሁ ምቱት። ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ሚ፣ ላ፣ ሬ። ላ፣ ሬ፣ ሶል። ደስታም ሐዘንም ያልሆነ፣ ተንጠልጥሎ የሚቀር ድምፅ ይወጣል። በ1960ዎቹ እነ ማኮይ ታይነር በፒያኖ ሲደረድሩት የነበረው ይሄንኑ ዓይነት ኮርድ ነው። የኛ ልጅ «ይጎድለዋል» ያለው ቅኝት ውስጥ እኮ ቁጭ ብሏል!

ሰኞ ዕለት ልጁን ይሄን አስሞከርኩት። ዘፋኟ ምንም አላለችም፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።

ቤታችሁ ኪቦርድ ያላችሁ፣ ሞክሩትና ጻፉልኝ። ባቲና አንቺሆዬን በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።