የተዋጊ በሬ ባለቤትና የመኪና ባለቤት

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ዐዲስ አበባ ያደረሰውን መኪና ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ማቅረቡ የታወቀ ነው። መኪና እየበዛ ሲሄድ አንድ አዲስ ጥያቄ አብሮ መጣ፤ ይኸውም መኪና ሰው ገጭቶ በገደለ ወይም አካል ባጐደለ ጊዜ ካሣውን መክፈል የሚገባው ማን ነው የሚል ነው።

ከዚያ በፊት የደም ነገር ሁለት ወገን ብቻ ነበረው፤ ገዳይና የሟች ዘመድ። ኦሪትም ፍትሐ ነገሥትም ዐውቆ የገደለውን ሳያውቅ ከገደለው ለይተው ቢያዩም፥ በባላገሩ ልማድ ደም ሳይታሰብ ቢፈስም ካልታረቁ አይደርቅም። ገዳዩ ሽማግሌ ይልካል፥ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ላይ ይወድቃል፥ ካሣ ይቈረጣል፥ ሁለቱ ወገኖችም አብረው በልተው ጠጥተው ይለያያሉ። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያል፤ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው ሥርዐት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

መኪናው ይህን አሰላለፍ አፋለሰው። መሪውን የያዘው ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ ሾፌር ነው፤ ሀብቱ ግን ያለው በባለንብረቱ ዘንድ ነው። ልማዱ ገዳይ ብሎ የሚያውቀው ሾፌሩን ስለሆነ፥ ተዋጥተው ለቀብርና ለተዝካር የሚሆነውን ይዘው የሚለምኑት የሾፌሩ ዘመዶች ናቸው። ባለንብረቱ ከሽማግሌዎቹ ፊት ጭራሽ ላይቀርብ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፥ ነገሩን በሌላ በኩል ያዘው። በቊጥር 2071 ስለ እንስሳት፥ በ2077 ስለ ሕንፃ፥ በ2081 ስለ መሣሪያና ስለ ባለሞተር ተሽከርካሪ ሲደነግግ፥ በሦስቱም ላይ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የመኪናው ባለቤት «ጥፋት የለብኝም» ብሎ አይድንም፤ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ቢነዳውም እንኳ ይከፍላል። ጥፋቱ የተጐጂው ከሆነ ግን ኀላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርለታል። ሁለት መኪናዎች ቢጋጩ ደግሞ ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል።

ውጭ አገር ስማር ይህ ዐይነቱ ኀላፊነት ከፋብሪካ ዘመን የተወለደ ፍጹም አዲስ ነገር ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀውን ባለቤት ተጠያቂ እንደሚያደርግና ቤዛም ሊያስከፍለው እንደሚችል አስተዋልሁ። ልዩነቱ እርግጥ ቀላል አይደለም፤ የአሁኑ ሕግ አስቀድሞ መነገርን አይጠይቅም። ደግሞም የቤት እንስሳ ባለቤት ራሱ ካላጠፋ እንስሳውን ለተበዳዩ ለቆ ከዕዳ መውጣት ሲችል፥ ባለመኪናው መኪናውን አስረክቦ አይገላገልም።

ሕጉ ልማዱን ፈጽሞ አልተወውም። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሣ የሟችን ቤተ ሰብ ወክሎ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ለመለየት የአገሩ ልማድ እንዲታይ አድርጓል፤ መጠኑን ግን ከ1000 ብር እንዳያልፍ ወሰነው። በእኔ አስተያየት ሽማግሌ እንኳ እንደ ነገሩ ክብደት ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን በአንድ ጣሪያ መዝጋት አልተገባም። ጧሪ ያጡ ሚስትና ልጆች የሚጠይቁት ቀለብ ከዚህ የተለየ ነው።

የበለጠው ችግር ጊዜው ነው። የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር የካሣው ክስ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሽማግሌዎች ሲመላለሱም ቀኑ ይቈጠራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው፥ በ2005 ዓ.ም. በሌላ የተተካው አዋጅ ባለመኪናውን የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ስላስገደደ፥ በጉዳዩ ላይ አራተኛ ወገን ተጨምሯል። የእርቁ ወረቀት ደሙን ብቻ የሚያደርቅ ይሁን ወይም ከባለንብረቱና ከመድን ሰጪው የሚጠየቀውንም የሚዘጋ ይሁን ለይቶ ካልተጻፈ፥ ክርክሩ ከእርቁ በኋላ እንደገና ይነሣል፤ በወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት ዘመዶችም ቀለቡን የሚጠብቁት ልጆች አይደሉም።